የእንግሊዝኛ የሕክምና ቃል ሁለት ጊዜ ይቆረጣል፤ አንዴ ለትርጉም፣ አንዴ ለአፍ

የሐሞት ከረጢትን ቆርጦ የማውጣት ቀዶ ሕክምና በእንግሊዝኛ በ15 ፊደል የሚጻፍ አንድ ቃል አለው። ተማሪ ሳለሁ ይህን ቃል ጮክ ብዬ እንዳነብ ተጠየቅኩና «ኮሌ… ሲስት… ኤክቶሚ» ብዬ በሦስት ትንፋሽ ጨረስኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ጎንበስ ብላ «ሦስት ሰው የጠራህ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ትርጉሙን ግን በደንብ አውቀው ነበር። «ኮሌ» ሐሞት፣ «ሲስት» ከረጢት፣ «ኤክተሚ» ቆርጦ ማውጣት። ያጠፋሁት፣ ለትርጉም በቆረጥኩበት ቦታ አፌንም መቁረጤ ነው። ቃሉ ሲነገር ኮ-ለ-ሲስ-'ቴክ-ተ-ሚ ይሆናል። የ«ሲስት» መጨረሻ የነበረችው «ት» ከወገኖቿ ተለይታ ከሚቀጥለው ቁራሽ ጋር ገብታለች። የትርጉሙ ስፌት በአንድ በኩል፣ የአፉ ስፌት በሌላ በኩል ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረው ልምምድ ነው።

አጻጻፌን አስቀድሜ ላስረዳ

«ቀለም» የምለው ገጣሚ ስንኙን ሲመዝን የሚቆጥረውን፣ በአንድ ግፊት ከአፍ የሚወጣውን የድምፅ ቁራሽ ነው። ቀለማትን በአጭር ሰረዝ እለያያለሁ። ረገጥ ተደርጎ የሚባለው ቀለም ፊት ይህችን ጭረት ' አስቀምጣለሁ። ቀለሙን የሚዘጋ ሳድስ ፊደል አናባቢ የለውም፤ «ሲስ» ሲባል መጨረሻው ደርቆ ይቀራል። ግዕዙ ፊደል ደግሞ፣ ማለትም «ለ»፣ «ተ»፣ «ነ» የመሳሰለው፣ አጭርና ደከም ያለ አናባቢ አለው፤ ለምን እንደሚያስፈልገን ወደ በኋላ ይመጣል። የእንግሊዝኛ ፊደላትን በስማቸው እጠራቸዋለሁ፦ ሲ፣ ኤች፣ ዋይ እያልኩ።

1. መጀመሪያ ቀለሙን ቁጠሩ

የእኛ ፊደል እያንዳንዱ አናባቢውን በጀርባው አዝሎ ስለሚሄድ ፊደል መቁጠርና ቀለም መቁጠር ብዙም ሳይራራቁ ይኖራሉ። እንግሊዝኛ ላይ ይህ ልማድ ጉድ ይሠራል። እዚያ የሚቆጠረው የሚሰማው አናባቢ ብቻ ነው፤ የተጻፈው አይቆጠርም።

አክታ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ስድስት ፊደል አለው፤ ሲነገር ግን «ፍሌም» ተብሎ በአንድ ቀለም ያልቃል። አስምም ስድስት ፊደል ነው፤ እሱ 'አዝ-መ ተብሎ ሁለት ቀለም ይወጣዋል። መሐሉ ላይ የተጻፉት ቲና ኤች ጨርሶ አይሰሙም። ተቅማጥ ደግሞ ዳ-የ-'ሪ-የ ነው፤ አራት።

ለመቁጠር ቀላሉ ዘዴ መዳፍን አገጭ ሥር ማድረግ ነው። አናባቢ በመጣ ቁጥር አገጭ ዝቅ ይላል። ቃሉን በዝግታ በሉና አገጫችሁ መዳፋችሁን ስንት ጊዜ እንደነካ ቁጠሩ። ማጨብጨብም ይሠራል፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን አገጩ ይሻላል።

ሲቆጠር ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። አንደኛው የቃል መጨረሻ ላይ ያለችው ኢ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የላትም፤ «ስኮፕ» እና «ሳይት» ተብለው የሚያልቁት ቃላት ላይ ተጽፋ ትቀመጣለች እንጂ አትነበብም። ከግሪክ እንዳለ በመጡ ጥቂት ቃላት ላይ ግን ትነበባለች። ራስን መሳት 'ሲን-ከ-ፒ ነው፤ «ሲንኮፕ» አይባልም። ሁለተኛው፣ ቃሉ በአይ እና በኤ ሲጨርስ እነዚህ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ የየራሳቸው ቀለም አላቸው፦ አኒሚያ አ-'ኒ-ሚ-የ ተብሎ አራት ይሆናል። በአንጻሩ ኤ እና ኢ፣ ወይም ኦ እና ኢ ተጣብቀው ሲጻፉ፣ ብሪታንያውያን እንደሚያዘወትሩት፣ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም «ኢ» ተብለው ይነበባሉ።

2. ለትርጉም ቁረጡ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የሕክምና ቃላት መማሪያ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አብዛኛው ቃል ከግሪክና ከላቲን ሥሮች የተገጣጠመ ነው። መጨረሻውን ቅጥያ ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ ፊት ተመለሱ። ጋስትሮ ጨጓራ፣ ኤንተሮ አንጀት፣ ሎጂ ጥናት፤ ሦስቱን ስትገጥሙ የጨጓራና የአንጀት ሕክምና ይሆናል። በእርሳስ ቀጭን መስመር አስምሩና ትርጉሙን ከላይ ጻፉ። መስመሩ ለዓይን ነው፤ አፋችሁ እንዳያየው።

3. ለአፍ ቁረጡ

አሁን ያው ቃል ላይ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ሁለተኛ መስመር ይሰመራል። አፍ የሚከተላቸው ልማዶች ጥቂት ናቸው።

በሁለት አናባቢዎች መካከል አንድ ተነባቢ ብቻ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ወደሚቀጥለው ቀለም ይሄዳል። ሁለት ተነባቢዎች ካሉ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ይቀራል፤ ሁለቱ አንድ ላይ የእንግሊዝኛ ቃል መጀመር የሚችሉ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ አብረው ይሻገራሉ። «ጋስ-ትሮ» ላይ «ስ» ወደ ኋላ ቀርታ «ትር» አብሮ የሄደው ለዚህ ነው። ፒ-ኤች፣ ሲ-ኤች፣ ቲ-ኤች ሁለት ፊደል ይሁኑ እንጂ አንድ ድምፅ ስለሆኑ በመካከላቸው መስመር አይገባም።

የትርጉሙና የአፉ መስመር እንዴት እንደሚለያዩ በደንብ የሚያሳየኝ የኦክስጅን ማነስን የሚገልጸው ቃል ነው። ለትርጉም «ሃይፖ» ዝቅተኛ፣ «ኦክሲያ» የኦክስጅን ነገር ነው። ሁለቱ ኦዎች ሲገናኙ አንዱ ይዋጣል፤ ቀጥሎም «ፖ» ከፊተኛው ክፍል ተነጥላ፣ ከኋለኛው ጋር ገጥማ፣ ጉልበቱን ሁሉ ትወስዳለች፦ ሃይ-'ፖክ-ሲ-የ። «ሃይፖ… ኦክሲያ» የሚል ሰው መዝገበ ቃላት የሚያነብ ይመስላል።

«ሎጂ» ላይም ነገሩ ያው ነው። በትርጉም ካርዲዮ እና ሎጂ ነው፤ በአፍ ግን ካር-ዲ-'ዮ-ለ-ጂ። የጨጓራውም ጋስ-ትሮ-ኤን-ተ-'ሮ-ለ-ጂ፤ ሰባት ቀለም። «ሎ» ብላችሁ ረገጥ ለማድረግ ከተዘጋጃችሁ አንድ ቀለም አልፋችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ይግባ። ብዙ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ዋናውን ቃል በነጥቦች ከፋፍለው ያትማሉ። እነዚያ ነጥቦች መስመር ሲሞላ ቃሉን የት ቦታ ሰብሮ ወደ ታች ማውረድ እንደሚቻል ለጸሐፊና ለአታሚ የሚነግሩ ናቸው፤ ከአፍ ቀለም ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። ለአፍ የሚሆነው ከዋናው ቃል ቀጥሎ በድምፅ ምልክት የተጻፈው ነው። እዚያም ላይ የጭረቷን ቦታ ተመልከቱ። መነሻው በ1886 እ.ኤ.አ. የሆነው ዓለም አቀፍ የፎኔቲክስ ማኅበር ምልክቷን ረገጥ ከሚደረገው ቀለም በፊት ያስቀምጣታል። አንዳንድ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ግን ከቀለሙ በኋላ ያደርጓታል። መግቢያው ላይ ያለውን ማብራሪያ ሳያነብ የገባ ሰው ቃሉን ሁሉ አንድ ቀለም አዛንፎ ይማራል።

4. ፊደሎቹን አትመኑ

ኮለሲስቴክተሚ ውስጥ ሲ የተባለችው ፊደል ሦስት ጊዜ ትመጣለች። መጀመሪያ ከኤች ጋር ሆና «ክ»፣ ቀጥሎ ከዋይ በፊት «ስ»፣ መጨረሻ ከቲ በፊት እንደገና «ክ» ትሆናለች። ሕጉ እዚያው ቃል ውስጥ ተጠቃሎ አለ፦ ከኢ፣ ከአይ እና ከዋይ በፊት «ስ»፣ በሌላው ቦታ «ክ»፤ ከግሪክ በመጣ ቃል ሲ-ኤች ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ «ክ»። ክሮኒክ፣ ኮሌራ፣ ታኪካርዲያ እያላችሁ ፈትሹት። ሁለት ሲ ተከታትለው ከአይ ወይም ከዋይ በፊት ሲመጡ ደግሞ አንዷ «ክ» አንዷ «ስ» ይሆናሉ፤ የጭራ አጥንት 'ኮክ-ሲክስ፣ ክትባት ቫክ-'ሲን።

ጂም እንዲሁ ናት፤ ከኢ፣ ከአይ እና ከዋይ በፊት «ጅ» ትሆናለች። ከሕጉ ያፈነገጠው በየቀኑ የምንሰማው የማህፀን ሕክምና ስም ነው፦ ጋይ-ነ-'ኮ-ለ-ጂ፤ ዋይ እየተከተላት «ግ» ሆና ቀርታለች።

የቃል መጀመሪያ ላይ ያሉ ድምፅ አልባ ፊደላት ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። ፒ ከኤን፣ ከኤስ ወይም ከቲ በፊት ስትቆም አትሰማም፦ የሳንባ ምች ኒዩ-'ሞ-ኒ-የ ወይም በአሜሪካውያን አፍ ኑ-'ሞ-ኒ-የ፤ የአእምሮ ሕክምና ሳይ-'ካ-የ-ትሪ። ኤክስ ቃል ስትጀምር «ዝ» ናት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ እነዚህ ፊደላት መሐል ላይ ሲገቡ ከእንቅልፋቸው መንቃታቸውን ነው። የትንፋሽ መቆምን በሚገልጸው 'አፕ-ኒ-የ ውስጥ ያቺው ፒ ጥርት ብላ ትሰማለች፤ ኤን ብቻዋን ቃሉን እንድትከፍት ያደረጋት ችግር እዚህ የለም፣ ፒ የፊተኛውን ቀለም ዘግታ ትቀመጣለች። «ፍሌም» ላይ የማትሰማው ጂም ቅጽል ስትሆን ፍሌግ-'ማ-ቲክ ብላ ብቅ ትላለች። ጡንቻ 'መ-ስል ነው፤ ሲ የለችም። የጡንቻ ሲሆን ግን 'መስ-ክዩ-ለር፤ መጣች። እንግዲህ ድምፅ አልባ ፊደል ስታገኙ ቃሉን ሳይሆን የቆመችበትን ቦታ ሸምድዱ።

5. ረገጥ የሚደረገውን ከኋላ ፈልጉ

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። አንድ አናባቢ ብታበላሹ አድማጭ ይረዳችኋል፤ ረገጣውን ሌላ ቀለም ላይ ብታደርጉት ግን «ምን አልክ?» ይላችኋል። አማርኛ ውስጥ የቀለማት ጉልበት ያን ያህል አይበላለጥም፤ ስለዚህ ሁሉንም እኩል እየመታን መሄድ ይቀናናል። እንግሊዝኛ አንዱን አንስቶ ሌሎቹን ይጥላል።

ደግነቱ የሕክምና ቃል ላይ መልሱን ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ይነግራችኋል።

ጉልበቱን ራሳቸው የሚወስዱ ቅጥያዎች አሉ። ብግነትን የሚያሳየው 'አይ-ቲስ ዋነኛው ነው፦ አር-'ትራይ-ቲስ፣ ሄ-ፐ-'ታይ-ቲስ፣ ቶን-ሲ-'ላይ-ቲስ። 'ኦ-ሲስ፦ ሲ-'ሮ-ሲስ፣ ዳይ-አግ-'ኖ-ሲስ። ዕጢን የሚያሳየው 'ኦ-መ፦ ካር-ሲ-'ኖ-መ። የደምን ነገር የሚገልጸው 'ኢ-ሚ-የ፣ ሕመምን የሚገልጸው 'አል-ጀ። እነዚህን ስታዩ ከፊት ያለው ምንም ያህል ይርዘም፣ ጉልበታችሁን አስቀምጣችሁ ጠብቁ።

በዋይ የሚጨርሱት ረጃጅም ቃላት ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሦስተኛውን ቀለም ይረግጣሉ። ጣት አውጥታችሁ ቁጠሩ፦ 'ቴክ-ተ-ሚ። ካር-ዲ-'ዮ-ለ-ጂ። ሬይ-ዲ-'ዮግ-ረ-ፊ። ትሬይ-ኪ-'ዮስ-ተ-ሚ። ኪ-መ-'ቴ-ረ-ፒ። ይህ አንድ ሕግ ብቻውን የቀዶ ሕክምናን፣ የምርመራንና የሕክምና ዘርፎችን ስም አብዛኛውን ይሸፍንላችኋል። ከማይታዘዙት መካከል 'ኤ-ፒ-ሌፕ-ሲ እና በ«ፕላስቲ» የሚያልቁት ይገኙበታል፤ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና 'ራይ-ነ-ፕላስ-ቲ ሲባል ጉልበቱ ገና መጀመሪያው ላይ ነው።

በ«ኢክ» የሚጨርሱ ቅጽሎች ከመጨረሻው ሁለተኛውን ይረግጣሉ። 'አ-ለር-ጂ ሲሆን መጀመሪያ ላይ፣ አ-'ለር-ጂክ ሲሆን መሐል ላይ የሚመታው ለዚህ ነው።

አንድ ቤተሰብ ወስዳችሁ ሦስቱን ልጆች ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ነገሩ በዓይን ይታያል።

መሣሪያው፦ 'ኤን-ደ-ስኮፕ
ምርመራው፦ ኤን-'ዶስ-ከ-ፒ
ቅጽሉ፦ ኤን-ደ-'ስኮ-ፒክ

አጻጻፉ ላይ ሁለቱ ኦዎች ከቦታቸው አልተነቃነቁም። የሚነገረው ግን ተገለባብጧል፤ በአንዱ «ደ» የነበረው በሌላው «ዶ» ሆነ፣ «ስኮ» የነበረው ወደ «ከ» ወረደ። እነዚህን ሦስት ቃላት እየደጋገማችሁ ካላችሁ ጆሯችሁ ሕጉን ራሱ ያወጣዋል፤ እኔ ለሰው ሳስረዳ ከማንኛውም ሰንጠረዥ በፊት ይህን አስብላለሁ።

ወጥመዶችም አሉ። በ«ሲስ» የጨረሰ ሁሉ 'ኦ-ሲስ አይደለም። የካንሰር መሠራጨት ሜ-'ታስ-ተ-ሲስ ነው፤ «ሜታስታሲስ» ብላችሁ «ታ»ን ሁለተኛ ጊዜ አትርገጡ። በአማርኛ ዲያሊሲስ የምንለው በእንግሊዝኛ ዳ-'ያ-ለ-ሲስ ነው። ማሳከክ ፕሩ-'ራይ-ተስ ሲባል ብግነት መስሎ ይሰማል፤ ሲጻፍ ግን መጨረሻው ላይ በአይ ፈንታ ዩ አለ፤ ከብግነት ቅጥያ ጋር ዝምድና የለውም።

(በአማርኛ ስታወሩ ዲያሊሲስ በሉ፣ ሄፓታይተስ በሉ። ቃሉ አማርኛ ገብቶ ከተደላደለ በኋላ እንግሊዝኛው እንዲህ ነው ብሎ ሰውን ማረም አጉል መመጻደቅ ነው።)

6. የቀረውን አድክሙ

አንዱን ቀለም ረገጥ ስታደርጉ ሌሎቹ መድከም አለባቸው፤ አለበለዚያ ልዩነቱ አይሰማም። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው። ደካማው የእንግሊዝኛ አናባቢ በብዙ ቋንቋ ውስጥ የለም፤ በእኛ ግን የግዕዙ ድምፅ አጠገቡ ቆሟል። «ለ»፣ «ከ»፣ «ተ» ስትሉ የሚወጣው እሱን ይቀርበዋል። ችግሩ የእንግሊዝኛ ቃል ስንጽፍ ይህን ሀብታችንን ትተን ፊደሉ ኦ ከሆነ «ኦ»፣ ኤ ከሆነ «ኣ» እያልን ሙሉውን አናባቢ መጻፋችን ነው። «ካርዲዮሎጂ» ብለን እንጽፋለን፤ ለራሳችሁ ማስታወሻ ግን «ለ-ጂ» ብላችሁ ጻፉት። አንዲት ፊደል ከሳብዕ ወደ ግዕዝ ማውረድ ብቻ የቃሉን ድምፅ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

7. የራሳችንን አፍ ማወቅ

አራት ልማዶቻችን ቃሉን ሳናውቀው ይለውጡታል።

ቃል በ«ስ» ጀምሮ ሌላ ተነባቢ ከተከተለ ፊት ለፊቱ «እ» እንለጥፋለን። ጣፊያ በእንግሊዝኛ «ስፕሊን» ነው፤ አንድ ቀለም። «እስፕሊን» ካልን ሁለት ሆነ። ስለዚህ በመጀመሪያው ደረጃ የቆጠራችሁትን ቁጥር አትጣሉት፤ ስትናገሩ ከዚያ ከበለጠ አንድ «እ» ሾልካ ገብታለች ማለት ነው። መድኃኒቱ «ስ»ን ረዘም አድርጎ፣ ጎማ እንደሚተነፍስ ያህል፣ ከዚያ መቀጠል ነው።

ሁለተኛው ማጥበቅ ነው። ለእኛ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ትርጉም ስላለው ጆሯችን ለጥብቀት ንቁ ነው፤ ድርብ ፊደል ስናይም ማጥበቅ ያምረናል። እንግሊዝኛ ውስጥ በአንድ ቃል መሐል ተደርቦ የተጻፈ ፊደል ልል ሆኖ ነው የሚነበበው። ቶንሲላይቲስ ላይ ሁለት ኤል አለ፤ የሚሰማው አንድ ልል «ል» ነው።

ሦስተኛው በአናባቢዎች መካከል ያለች «ብ» ናት። «ሌባ» ስንል ከንፈራችን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፣ ነፋስ ይሾልካል። ሩ-'ቤ-ለ ስትሉ ግን ከንፈር ለከንፈር መገናኘት አለበት፤ አለዚያ ሰሚው ሌላ ፊደል ይሰማል።

አራተኛዋ ቲ-ኤች ናት። ፊደል የለንምና እዚህ ጽሑፍ ላይ በ«ት» ጻፍኳት፤ አወጣጧ ግን የምላስን ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ለጠቅ አድርጎ አየር ማሳለፍ ነው። ታይሮይድ፣ ቴራፒ፣ አርትራይቲስ ላይ መስታወት ፊት ቆማችሁ ምላሳችሁን ካላያችሁት አልወጣችም።

8. ከጭራው ጀምራችሁ ገንቡት

ረጅም ቃል ከፊት ስንጀምር የምናውቀውን ብለን የማናውቀው ላይ ትንፋሽ ያጥረናል። ከኋላ ሲገነባ ግን ሁልጊዜ ወደ ተለማመድነው እንሄዳለን። የጆሮ፣ የአፍንጫና የማንቁርት ሕክምናን እንውሰድ። ለትርጉም ኦቶ ጆሮ፣ ራይኖ አፍንጫ፣ ላሪንጎ ማንቁርት፣ ሎጂ ጥናት። ለአፍ ዘጠኝ ቀለም ነው፤ በዋይ ስለሚጨርስ ከኋላ ሦስተኛው ይረገጣል።

ለ-ጂ
'ጎ-ለ-ጂ
ሪን-'ጎ-ለ-ጂ
ላ-ሪን-'ጎ-ለ-ጂ
ራይ-ነ-ላ-ሪን-'ጎ-ለ-ጂ
ኦ-ተ-ራይ-ነ-ላ-ሪን-'ጎ-ለ-ጂ

እያንዳንዱን መስመር ሳትደናቀፉ ሦስት ጊዜ ካላችሁ በኋላ ወደ ታች ውረዱ። ቃሉ ሲረዝም ከዋናው በተጨማሪ ቀለል ያሉ ረገጣዎች ይኖሩታል፤ እዚህ «ኦ»፣ «ራይ» እና «ላ» ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ እንደ እርምጃ ድምፅ። በመጨረሻ በስልካችሁ ቅዱት፤ ከዚያ የመዝገበ ቃላት ድምፅ ክፈቱና አከታትላችሁ ስሙት። ጆሮ የራሱን አፍ በቀጥታ ሲሰማ ያደላል፣ ከስልክ ሲሰማ ግን አያዝንም።

ጉልበታችሁን ለመፈተን ከፈለጋችሁ በ1935 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የእንቆቅልሽ አፍቃሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ኤቨረት ስሚዝ ሆን ብሎ ለርዝመቱ ሲል የፈጠረው የሳንባ በሽታ ስም አለ፤ 45 ፊደል፣ 19 ቀለም። መጨረሻው 'ኦ-ሲስ ስለሆነ ረገጣው የት እንደሚወድቅ ሳታነቡት ታውቁታላችሁ። ሐኪሞች ግን ሲ-ሊ-'ኮ-ሲስ ብለው ይገላገላሉ።

በየመንገዱ የሚያጋጥሙ ነገሮች

ብዙ ቁጥር ላይ «ሲስ» ወደ «ሲዝ» ይለወጣል፣ «ኢ»ዋም ረዘም ትላለች፦ አንዱ ዳይ-አግ-'ኖ-ሲስ፣ ብዙው ዳይ-አግ-'ኖ-ሲዝ። ረገጣው ከቦታው አይነቃነቅም።

የብሪታንያና የአሜሪካ አነጋገር የሚለያይባቸው ቃላት ጥቂት አይደሉም። ማይግሬን በአሜሪካ 'ማይ-ግሬን፣ በብሪታንያ ብዙዎች ዘንድ 'ሚ-ግሬን ነው። ቀጭን የደም ሥር በአሜሪካ 'ካ-ፒ-ሌ-ሪ፣ በብሪታንያ ከ-'ፒ-ለ-ሪ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱን ምረጡና እሱ ላይ ጽኑ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ማደባለቅ ነው አድማጭን የሚያደናግረው።

በሰው ስም የተሰየሙ በሽታዎች ላይ ይህ ሁሉ ሕግ አይሠራም፤ ስሙ የመጣበት ቋንቋ ነው የሚገዛው። ክሮን አንድ ቀለም ነው፣ ኤችዋ አትሰማም። ሬይ-'ኖ ፈረንሳይኛ ነውና መጨረሻው ላይ የተጻፈችው ዲ ትቀራለች። 'አልትስ-ሃይ-መር ውስጥ «ትስ» የምትሰማው ሰውየው ጀርመናዊ ስለነበር ነው፤ የጀርመንኛ ዜድ እንዲያ ናት።

መንታ ቃላት

አነጋገር የማዕረግ ጉዳይ ከመሆን አልፎ አደጋ የሚሆነው እዚህ ነው። ለመዋጥ መቸገር ዲስ-'ፌይ-ጂ-የ ነው። የንግግር መታወክ ዲስ-'ፌይ-ዢ-የ። ልዩነታቸው «ጅ» እና «ዥ» ብቻ ነው። አማርኛ ደግሞ በእነዚህ ሁለት ድምፆች ላይ ግዴለሽ ነው፤ «ጅብ» ብትሉም «ዥብ» ብትሉም ያው አውሬ ይመጣል። ስለዚህ ይህ ጥንድ ለእኛ ከሌላው ሰው ይልቅ ያዳልጣል። «ጅ» ላይ ምላስ ላንቃን ነክቶ አየሩን ይዘጋና ይለቃል፤ «ዥ» ላይ ሳይነካ ይንሸራተታል። መቶ ጊዜ አፈራርቃችሁ በሏቸው።

የስኳር መጨመርና መቀነስም ስድስት ስድስት ቀለም አላቸው፤ ሃይ-ፐር-ግላይ-'ሲ-ሚ-የ እና ሃይ-ፖ-ግላይ-'ሲ-ሚ-የ። የሚለያቸው ሁለተኛው ቀለም ብቻ ነው፤ እሱም የማይረገጥ ስለሆነ ሲፈጥኑ ይዋጣል። እዚህ ላይ ሕጉን ሆን ብላችሁ ጣሱና «ፐር» ወይም «ፖ» የሚለውን ጫን በሉት። ስልክ ላይ ከሆናችሁ ቁጥሩንም አብራችሁ ተናገሩ።

ከዚህ የባሰው አንድ ጥንድ አለ። የትንሹ አንጀት መጨረሻ ክፍልና የዳሌ አጥንት አንዱ ክፍል በእንግሊዝኛ ሁለቱም 'ኢ-ሊ-የም ናቸው። በጽሑፍ የሚለያቸው መሐል ላይ ያለው ፊደል ነው፤ የአንጀቱ ኢ፣ የአጥንቱ አይ። በአፍ ልዩነት የላቸውም፤ የቱንም ያህል ጥሩ ብትናገሩ አይለዩም። ፊደሉን በስሙ ጥሩት፣ ወይም አጠገቡ «አንጀት» ወይም «አጥንት» የሚል አንድ ቃል አክሉ።